የሱቅ ኮምፒውተር አይገጣጠምም፣ ይታደሳል
ልጆቻችን ዩቲዩብ እያዩ «ራሴ ልገጣጥም» ይላሉ። ከፋዮቹ እኛ ነንና በግልጽ እንነጋገር፦ ካርቱም ላይ የሱቅ ሒሳብ ለመያዝና ልጅ ለማስጠናት ኮምፒውተር ከባዶ መገጣጠም ትርፉ ድካም ነው።

መገጣጠም የሚያዋጣው የተበላሸ ዕቃ የሚመልስበት ሱቅ ላለው ሰው ነው። ከ1997 እስከ 2017 በፈረንጆቹ የአሜሪካ ማዕቀብ ነበረ፤ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ሱቁንም መንገዱንም አበላሸ። ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አልስማማ ቢል ለማን ትመልሱታላችሁ?

ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ግን ሻጩ ፊት ሰክታችሁ፣ አስነስታችሁ ትገዙታላችሁ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ፣ ራሙን 16 ጊጋ አድርሱ፤ ለሱቅ ሥራ ይበቃል።

«የቢሮ ኮምፒውተር አያድግም» የሚሉ ግማሽ እውነት አላቸው። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ከተለመደው ይለያል፤ ቀጭኑ ሳጥን ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አያስገባም። እንግዲያውስ ቁመታሙን ምረጡ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ስላበቃ፣ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ በታች አትግዙ።

«ልጁ ሙያ ይማርበታል» ለሚሉም፦ ክዳኑን ከፍቶ የሃቡቡን አቧራ ያጽዳ፣ ራሙን በእጁ ይቀይር። መማር ከዚያ ይጀምራል።

የተረፈውን ገንዘብ ለዩፒኤስ አውሉት። መብራት ድንገት ሲሄድ የዱቤ መዝገባችሁን የሚያተርፈው እሱ እንጂ የሚያብረቀርቅ ሳጥን አይደለም።