ለበሬው ቅርጫ አለን፤ ለጤፉስ?



ኑሮ መወደዱን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ጡረተኛው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ጉልት ላይ የምትውለው እናት፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሁሉም የሚያወራው ይኸንኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። ነዳጁ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ እሱ ሲወደድ ጤፍ የሚጭነው መኪናም፣ ሽንኩርት የሚያመጣው አይሱዙም ኪራዩን ይጨምራል። ይህን እኛ እዚህ ሰሌዳ ሥር ቆመን የምንመልሰው ነገር አይደለም።

ነገር ግን በእኛው እጅ ያለ፣ እኛው ልንለውጠው የምንችለው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም አስቤዛችንን የምንገዛበት መንገድ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ሲሆን፣ ሐሳባችንም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ብር ያጠረው ቤት እህሉን የሚገዛው ብር ከተረፈው ቤት በበለጠ ዋጋ ነው። ከዚህ የሚወጣውም ብቻውን በመቆጠብ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ በመግዛት ነው።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው። የጤፍ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት፣ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ለስሌት እንዲመቸን ብቻ ቁጥር እንውሰድ። አንድ ኩንታል ጤፍ በእህል ገበያ 12,000 ብር ነው እንበል። ኪሎው 120 ብር ይመጣል ማለት ነው። ያው ጤፍ ሰፈር ውስጥ በኪሎ ሲቸረቸር 130 ብር ነው እንበል። «አሥር ብር ምን አላት?» ይባል ይሆናል። በወር 25 ኪሎ የሚበቃው ቤት ግን በዚህች አሥር ብር ምክንያት በወር 250 ብር፣ በዓመት 3,000 ብር ይከፍላል። 3,000 ብር ደግሞ በኩንታሉ ሒሳብ የ25 ኪሎ ጤፍ ዋጋ ነው። እንግዲህ ይህ ቤት በየዓመቱ የአንድ ወር እንጀራ ሳይበላ ከፍሎበታል ማለት ነው።

ዘይቱም፣ ምስሩም፣ በርበሬውም እንደዚሁ ነው። ባለ 5 ሊትሩን ዘይት አንድ ጊዜ የሚገዛና በየቀኑ በኩባያ እያስቀዳ የሚወስድ ሰው ለአንዱ ሊትር የሚከፍሉት እኩል አይደለም። ስኳር በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ቡና በሲኒ ተሰፍሮ፣ በርበሬ በማንኪያ ተለክቶ ሲሸጥ ዋጋው ትንሽ ይመስላል፤ ሲደመር ግን ከኪሎው ዋጋ ይበልጣል። በዚያ ላይ ጣሳው የተጨረመተ፣ ኩባያው ወፍራም ቂጥ ያለው ሆኖ ሲገኝ ማን ይከራከራል? «ለሩብ ኪሎ ምስር ሚዛን አምጣ» ብሎ የሚጣላ የለም።

ዱቤውም ሌላ ጣጣ ነው። ባለሱቁን ለመውቀስ አይደለም። ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው፤ በክፉ ቀን እሱ ባይኖር ኖሮ ጾሙን ያድር የነበረ ቤት ጥቂት አይደለም። እሱም ቢሆን ከጅምላ አከፋፋይ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ፣ የቤት ኪራይና ግብር ከፍሎ፣ ለእኛ ያበደረው ገንዘብ ሳይመለስለት ወሩን ሙሉ ይጠብቃል። ሆኖም በዱቤ የሚወስድ ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ዕቃ አያማርጥም፣ «እዚያ ማዶ ይረክሳል» ብሎ መሄድም አይችልም። ደመወዝ ሲመጣ ያለፈው ወር ዕዳ ይቀድማል፤ የተረፈችው ብር ለኩንታል ቀርቶ ለአሥር ኪሎም ስለማትበቃ ተመልሶ ወደ ዱቤ ነው። በዚህ ዓይነት የተያዘ ቤት ስንት ጊዜ «ቆጥቡ» ቢባል ከምኑ ይቆጥባል?

የሚያሳዝነው ደግሞ የጎደለው የሚሞላው ከየት እንደሆነ ሲታይ ነው። ብር ሲያጥር በየቤታችን መጀመሪያ የሚቀረው የልጆቹ እንቁላልና ወተት ነው። ቀጥሎ ሽሮው ይቀጥናል፤ ምስር በሳምንት ሦስት ቀን የነበረው አንድ ቀን ይሆናል። በመጨረሻም እናት እንጀራውን አከፋፍላ «እኔ ቅድም ቀምሻለሁ» ብላ ትነሣለች። ለሰው የሚታየው ግን አይነካም፤ ለድግሱም፣ ለበዓሉም ዶሮ ተበድረንም ቢሆን እናወጣለን። እኛ ቡናውና ጉርብትናው ይቅር የምንል ሰዎች አይደለንም። የምንለው፣ ቅነሳው በልጅና በእናት ማዕድ ላይ ብቻ ማረፉ ትክክል አይደለም ነው። ከችርቻሮው የምትተርፈው ብር ከተገኘች የመጀመሪያ ባለመብቶቿ እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ አንደኛው ሥራ ደብተር ነው። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። እህል፣ ጥራጥሬና ቅመም፣ ዘይት፣ አትክልት፣ ማገዶና መብራት፣ ልዩ ልዩ እያሉ ለአንድ ወር የወጣውን ሁሉ መጻፍ ነው። ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶች ካሉ ልጆች ይጻፉላቸው፤ ለልጆቹም የሒሳብ ትምህርት ነው። አባወራዎችም ብትሆኑ ደብተሩን እዩት። የአስቤዛ ብር ጥሎ መውጣትና ማታ «ምነው አለቀ?» ማለት ሒሳብ መተሳሰብ አይባልም። ብሩ የት እንደገባ ባልና ሚስት አብረው ካዩት፣ ብዙ ጭቅጭቅ ከዚያው ላይ ይቆማል። ወሩ ሲያልቅ በኪሎና በጣሳ የገዛነው ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛው ወቅትን ማወቅ ነው። አዲሱ ጤፍ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ወደ ገበያ በብዛት የሚገባው ከታኅሣሥ ጀምሮ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋጋው ይወጣል። ሽንኩርትም ዝናብ ሲበረታ ይወደዳል። በርበሬ በበጋ ፀሐይ ተገዝቶ፣ ተሰጥቶ፣ ቢደለዝ ይሻላል። ዶሮና ቅቤ የበዓል ዋዜማ እንደሚንሩ ማንም ያውቃል። ጤፍ ከእህል ሁሉ ለማስቀመጥ የሚመች ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎና እንደ ባቄላ አይደፍረውም። ከወለል ከፍ አድርጎ፣ እርጥበት በሌለበት ካስቀመጡት ሳይበላሽ ይቆያል። ዱቄቱ ግን እንደዚያ ስለማይቆይ ማስፈጨት በየጊዜው ነው።

እዚህ ላይ «ወቅቱንማ እናውቃለን፤ ብሩ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም በመካከላችን አለ።

ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለመስቀል በሬ ብቻውን የሚገዛ በሰፈራችን ስንት ሰው አለ? የለም ማለት ይቻላል። ሥጋ ግን እንበላለን፤ ቅርጫ አለና። ለአረፋም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እስከ ሰባት ሆነው አንድ በሬ ይገዛሉ። ጠቅለል ያለ ብር ሲያስፈልገን ዕቁብ እንገባለን። ሞት ሲመጣ ዕድር አለ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንግዲህ ለበዓል ሥጋ ተደራጅተናል፣ ለሞት ተደራጅተናል፤ በየቀኑ ለምንበላው እንጀራ ግን እያንዳንዳችን ፌስታል ይዘን ለየብቻ እንሄዳለን። ይህ ለምን ይሆናል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል የኖረው ለዕድር ብቻ አይደለም።

የምናቀርበው ሐሳብ እንግዲህ የእህል ዕቁብ ነው። ስምንት ቤቶች ይሰባሰቡ። እያንዳንዳቸው በወር 25 ኪሎ ከፈለጉ በጠቅላላ 200 ኪሎ፣ ማለትም 2 ኩንታል ይሆናል። ከላይ ባነሣነው የምሳሌ ዋጋ የአንድ ቤት ድርሻ 3,000 ብር ነው። ይህ በየሳምንቱ 750 ብር እየተባለ ለአራት ሳምንት ቢዋጣ፣ በአንድ ጊዜ ከመክፈል የቀለለ ነው። የመጫኛና የተሸካሚ 400 ብር ቢወጣ ለአንድ ቤት የሚደርሰው 50 ብር ነው። ከ250ው ላይ ይህን ብንቀንስ 200 ብር በእጅ ይቀራል፤ በዓመት 2,400 ብር፣ ወይም የ20 ኪሎ ጤፍ ዋጋ። የልጁ እንቁላል ከዚህ ይገዛል።

የመጀመሪያው ወር ከባድ መሆኑን አንሸሽግም። ለዕለት የሚበላውም መገዛት፣ ለወደፊቱም መዋጣት ይኖርበታል። ስለዚህ በ25 ኪሎ መጀመር የማይችል በ10 ኪሎ ድርሻ ይጀምር። የቀን ሠራተኞች ደግሞ ሳምንታዊው መዋጮ ስለሚከብዳቸው በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት የሚከፍሉበት መንገድ ይመቻችላቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ እማማዎችና ጋሼዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ድርሻ ቢገቡ ምን ይከለክላል?

ዕድሜያቸው የገፋ አንዳንድ ነዋሪዎች «ይህማ የቀበሌ ሱቅ ሊሆን ነው» ይሉ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ የኅብረት ሱቆች ተከፍተው እህልና ስኳር በካርድ ይከፋፈል እንደነበር፣ ወረፋውና በትውውቅ መውሰዱም ያስመርር እንደነበር አይረሳም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ያኔ ዋጋውም መጠኑም ከላይ ተቆርጦ የሚመጣ ነበር፤ አሁን የምንለው ግን ገንዘቡ የራሳችን፣ ገዢዎቹም እኛው፣ መውጣትም መግባትም በፈቃድ የሆነበትን ነው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆችንና የእሑድ ገበያን የሚተካም አይደለም። እዚያ ረክሶ ከተገኘ ገዢዎቻችን ከዚያው ይግዙ።

አደራ የምንላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቡድኑ ከስምንት ወይም ከአሥር ቤት አይብለጥ፤ ሰው ሲበዛ መተማመን ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ገዢዎች ሁለት ይሁኑ፣ በየወሩም ይቀያየሩ፤ አንዷ ጤፍ በመዳፏ አፍሳ አሸዋና ገለባውን የምትለይ ባለሙያ ትሁን። ሦስተኛ፣ ኩንታሉ እንደመጣ በሁሉም ፊት ይመዘን። ለዚህም ማኅበሩ አንድ የጋራ ሚዛን እንዲገዛ እናሳስባለን። አራተኛ፣ የተዋጣው፣ የተገዛበት ዋጋና የተረፈው በየወሩ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አምስተኛ፣ ዱቤ አይገባበት። የታመመ ወይም ከሥራ የወጣ አባል ካለ በዕድር ወግ እንርዳው እንጂ የእህሉን ገንዘብ አንንካ፤ እሱ ከፈረሰ ለሁሉም ይፈርሳልና።

በጤፉ ዓይነት አንጣላ። ማኛ የሚፈልግ ማኛ ከሚፈልጉት ጋር፣ ሰርገኛ የሚፈልግ ከሰርገኛዎቹ ጋር ይሁን። ቀይ ጤፍ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከማኛ ያነሰ ሲሆን፣ በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው፤ የሚያሳፍር እንጀራ አይደለም። ማሽላ ወይም ሩዝ ቀላቅሎ ማስፈጨት የፈለገም ድርሻውን ከወሰደ በኋላ እንደ ቤቱ ያድርግ። ወፍጮ ቤት ግን ተራ ጠብቆ፣ የራስን እህል ዓይን ሳይነቅሉ ማስፈጨት ነው። ምጣድም አንዴ ከጋለ በየቀኑ ለሁለትና ለሦስት እንጀራ ከማጋል የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መጋገር መብራቱን ይቆጥባል።

በጤፍ ከተሳካ ቀጥሎ ዘይት፣ ከዚያም ምስርና የሽሮ እህል መጨመር ይቻላል። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ቶሎ ስለሚበላሹ አሁን አንጀምራቸው።

ይህ ሁሉ ኑሮን ያረክሰዋል አንልም። ደመወዝ አይጨምርም፣ የቤት ኪራይም አይቀንስም። ሆኖም ከድኻ ኪስ በየኪሎው የምትንጠባጠበውን አሥር ብር መሰብሰብ ይቻላል፤ ይህችም ብር ከአንድ ልጅ ቁርስ፣ ከአንዲት እናት ማዕድ ላይ የተወሰደች መሆኗን አንርሳ። አዲሱ ጤፍ ገበያ ከመግባቱ በፊት መዋጮ ለመጀመር የምትፈልጉ ቤቶች፣ በዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ዕለት ለጸሐፊው ስማችሁንና የምትፈልጉትን ኪሎ አስመዝግቡ። ስምንት ቤት ከሞላ የመጀመሪያው ቡድን ሥራ ይጀምራል። ሐሳቡን የምትቃወሙም ብትሆኑ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ አምጡልን፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣዋለን።

ከማኅበሩ የጽሑፍ ክፍል