የባልቲሞሯ መርከብ ዕድሜ

ከዋሽንግተን ተነሥቶ ባልቲሞር ወደብ የወረደ ወገን አንዲት ባለ ሦስት ምሰሶ የእንጨት የጦር መርከብ ሳያይ አይመለስም። ስሟ ኮንስቴሌሽን ነው። ብዙው ሰው ከፊቷ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ያልፋል። ታሪኳ ግን በታሪክ ለሚከራከር ሁሉ ትልቅ ትምህርት አለው።

መርከቧ ወደ ባልቲሞር የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ያን ጊዜ በ1797 በዚያችው ከተማ የተሠራችው ስመ ጥር መርከብ እርሷ ናት ይባል ነበር። ከተማው ኮራ፤ መርከቧም አሮጌዋን እንድትመስል ተደርጋ ተጠገነች። የተጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች ቢኖሩም ሰሚ አላገኙም። በ1991 የወጣ የባሕር ኃይሉ ጥናት ግን ነገሩን ቆረጠው። የ1797ቷ መርከብ በ1853 ቨርጂኒያ ውስጥ ፈርሳለች። ባልቲሞር የቆመችው እዚያው ቨርጂኒያ በ1854 የተሠራች ሌላ መርከብ ናት። ለአሮጌው ዕድሜ ማስረጃ ሆነው ከቀረቡት ወረቀቶች መካከልም በሐሰት የተዘጋጁ ተገኙ።

ታዲያ መርከቧ 57 ዓመት ሲቀነስባት ክብሯ ቀነሰ? አልቀነሰም። ከ1859 እስከ 1861 የባሪያ ንግድን ለመከላከል በአፍሪካ ጠረፍ የተሰማራው የአሜሪካ የባሕር ጓድ መሪ መርከብ የነበረችው ይህችው የ1854ቷ ናት። በመስከረም 1860 ከኮንጎ ወንዝ አፍ ማዶ ኮራ የተባለችውን መርከብ በሌሊት አሳድዳ ስትይዝ፣ በውስጧ 705 አፍሪካውያን ታጭቀው ተገኙ። በተዋሰችው ዕድሜ ሲኮራ የኖረው ሰው ይህን የራሷን ሥራ ሸፍኖባት ነበር።

እውነቱ ሲወጣ ግን ጣፋጩ ብቻ አይወጣም። ነፃ የወጡት ሰዎች የተወሰዱት ወደ ላይቤሪያ እንጂ ወደየቤታቸው አልነበረም። መርከቧ በባሕር ላይ ባሪያ ስታስፈታ በሜሪላንድ ምድር ባርነት ሕጋዊ ነበር፤ እስከ 1864 ድረስ አልቀረም። ፍሬድሪክ ዳግላስም ከማምለጡ በፊት ባሪያ ሆኖ የሠራው በዚያው በባልቲሞር የመርከብ መሥሪያዎች ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊው ስደተኛም ሩቅ አይደለም። በየምግብ ቤቱ የአገር ጥንታዊነት ይወሳል፤ ዐድዋ ይወሳል፤ ይገባልም። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ ጨርሶ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 መሆኑን ግን ለልጁ የሚነግር አባት ስንት ነው? «ገበናን አደባባይ ማውጣት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከአገር ፍቅር የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እዚህ የተወለደ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ያነባል። አባቱ የደበቀውን ከባዕድ መጽሐፍ ያገኘ ቀን ዐድዋንም መጠራጠር ይጀምራል። አንድ ሐሰተኛ ወረቀት መቶ እውነተኛ ወረቀት ያስጠረጥራል።

ባልቲሞሮች ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ መርከቧን ከ1996 እስከ 1999 አድሰው ወደ እውነተኛ መልኳ መለሷት። ሰውም መጎብኘቱን አላቆመም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ወደብ የሚወርድ ወላጅ የመርከቧን ታሪክ ከነእርማቱ ይንገራቸው። ሲመለስም፣ መኪናው ውስጥ፣ የአገሩን ይቀጥል።