ሰው ጅብ ይሆናል ለምትሉ

ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ በቀን ስንት ጊዜ?

ጥያቄው ፌዝ አይደለም። ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል፣ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በዳይስና በወረቀት የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። በጨዋታው ውስጥ ድሩይድ የተባለው ገጸ ባሕርይ ወደ አውሬነት መለወጥ ይችላል። ችሎታው ግን ልክ አለው። በ2014ቱ የጨዋታ ሕግ ሁለት ጊዜ ከተለወጠ ማረፍ አለበት። ጀማሪ ከሆነ የሚበር እንስሳ መሆን አይፈቀድለትም። የአውሬው ጉልበት ሲያልቅ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ይህም ሆኖ ተጫዋቾች «ከሌላው ገጸ ባሕርይ ጋር ሲነጻጸር ሚዛኑን ጠብቋል ወይ?» እያሉ ለዓመታት ተከራክረዋል፤ በ2024 ሕጉ ተሻሽሏል።

ይህ ሁሉ ክርክር ተረት መሆኑን ሁሉም ለሚያውቀው ነገር ነው። በእኛ አገር ግን እውነት ነው ተብሎ ሰው የሚፈረድበት ወሬ አንድም ሕግ የለውም።

ልጅ ከታመመ ቡዳ በልቶታል። ከዳነ መድኃኒቱ ቡዳውን አሸንፎታል። ጅብ በጦር ተወግቶ በማግስቱ ቀጥቃጩ ካነከሰ ማስረጃ ተገኘ፤ ካላነከሰ ደግሞ ቁስሉን ደብቋል። ታማሚው በትኩሳት እየቃዠ የጠራው ስም እንደ ምስክር ቃል ይያዛል። ተከሳሹ በምንም መንገድ ነጻ የማይወጣበት ክስ፣ ክስ ሳይሆን ፍርድ ነው።

ሚዛኑን እንመልከት። በሰሜን ጅብ ይሆናል የሚባለው ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። በሀዲያና በከምባታም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዘር የሚጠሩበት ስም አለ፤ እዚህ መድገሙ ስድብን ማባዛት ነው። ቆጮው የሚጋገረው እሷ በሠራችው ምጣድ ነው፣ ቡናው የሚፈላው እሷ በሠራችው ጀበና ነው። ከእሷ ጋር አንድ ገበታ መቅረብና መጋባት ግን ነውር ሆኖ ኖሯል። ሌሊት አውሬ የመሆን ኃይል ያለው ሰው፣ ቀን ከደጅ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ኃይሉ ካለ ጥቅሙ የት ሄደ?

መልሱ ቀላል ነው። ሰውን ወደ ጅብ የመለወጥ ችሎታ ያለው ስም አውጪው ብቻ ነው። እሱ በአንድ ቃል ጎረቤቱን አውሬ ያደርጋል፤ ዕረፍት አያስፈልገውም፣ ቢሳሳትም የሚከፍለው የለም።

«ይህ እኮ ድሮ ቀርቷል» የሚሉ አሉ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ከሁለቱም በኋላ ግን የጋብቻ ጥያቄ ሲመጣ «ዘሩ ምንድን ነው?» መባሉ አልቀረም። ተረቱ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከማያውቁት ከተማ ሄዶም መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘሩን ነው።

«ሕመሙስ?» ለሚል፦ ሕመሙ እውነት ነው። ሆሳዕና ደግሞ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አላት። ትኩሳት ያለበት ልጅ ወደዚያ ይወሰድ እንጂ የጎረቤት ስም አይፈለግለት።

ሥራው የሽማግሌው፣ የእድሩና የእምነት ቤቱ ነው። «ሁላችን እኩል ነን» ብሎ መስበክ አይበቃም። እድሩ ሸክላ ሠሪዋን በአባልነት ይመዝግብ፤ ሽማግሌው ለልጇ ጋብቻ ይላክ፤ በሠርጉም ቀን ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ ይቁረስ።