የሕንፃ ንድፍ ከርቀት ሲዘጋጅና በፋይል ሲላክ፦ ባለጉዳዩ የትኛውን እትም ይመን?

ቤት ወይም ሕንፃ ለመሥራት የሚነሳ ዜጋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአማካሪ ቢሮ ወደ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት የሚመላለሰው የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ ይዞ ነበር። ዛሬ የዚያን ጥቅል ወረቀት ሥራ በአብዛኛው ፋይል ተክቶታል። አርክቴክቱ በአዲስ አበባ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ በሐዋሳ፣ የቤቱ ባለቤት በሪያድ ወይም በዋሽንግተን፣ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ በደብረ ብርሃን ሆነው አንድን ሕንፃ በጋራ ማዘጋጀት ይችላሉ። አሠራሩ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል። በሌላ በኩል ግን የአንድ ንድፍ በርካታ እትሞች በየስልኩና በየኮምፒውተሩ እንዲበተኑ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ባለጉዳዩ በቅድሚያ መመለስ የሚገባው ጥያቄ በግንባታው ቦታ ላይ ያለው ንድፍ ፈቃድ የተሰጠበት ንድፍ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

የለውጡ መነሻ

የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር መሠራት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በዘርፉ በስፋት የሚታወቀው ኦቶካድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ይሁንና ለረጅም ጊዜ ኮምፒውተሩ ያገለገለው ለመሣል ብቻ ሲሆን ውይይቱ፣ እርማቱና ርክክቡ በወረቀት ይከናወን ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ይፋ ከተደረገ በኋላ በርካታ ቢሮዎች ሠራተኞቻቸውን ከቤት እንዲሠሩ ሲያደርጉ፣ የንድፍ ሥራም ከአንድ ክፍል ወጥቶ በበይነ መረብ ወደሚገናኙ ባለሙያዎች ተሸጋገረ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም አሠራሩ አልቀረም።

የሕግ ማዕቀፉም በተመሳሳይ ዘመን ተጠናክሯል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ወይም ፊርማ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርገዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዜጎችን መረጃ የሚይዙ አካላት ያለባቸውን ግዴታ ደንግጓል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የመንግሥት አገልግሎት ወደ ዲጂታል አሠራር እያመራ መሆኑን ያሳያል።

ለዜጋው ያስገኘው ጥቅም

የመጀመሪያው ጥቅም የባለሙያ ተደራሽነት ነው። በቂ መሐንዲስ በማይገኝባቸው ከተሞች የሚኖር ባለይዞታ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፉን በሌላ ከተማ ባለ ባለሙያ ማሠራት ይችላል። ሁለተኛው ጥቅም የእርማት ፍጥነት ነው። ፈቃድ ሰጪው የሰጠው አስተያየት በዕለቱ ለአርክቴክቱ ይደርሳል፤ የተስተካከለው ገጽም ያለ ጉዞ ይመለሳል።

ሦስተኛው በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው። በሪያድ የሚኖር ባለቤት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ላይ ስለሚገኝ ከአርክቴክቱ ጋር በሥራ ሰዓት ንድፉን እያየ ሊወያይ ይችላል። በዋሽንግተን የሚኖረው ደግሞ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር ጥያቄውን ማታ ልኮ መልሱን ጠዋት ያገኛል። ሆኖም ፋይል መላክ ውክልናን አይተካም። በአገር ውስጥ በስሙ የሚፈርምና የሚያመለክት ሰው የሚያስፈልገው ባለጉዳይ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ጽሕፈት ቤት በኩል ሕጋዊ ውክልና መስጠት ይኖርበታል። በስልክ የተላከ የስምምነት መልእክት ለዚህ በቂ አይደለም።

ችግሩ የሚፈጠርበት ቦታ

የአንድ መካከለኛ ሕንፃ ንድፍ ከአርክቴክቸር እስከ ኤሌክትሪክ ድረስ በበርካታ ገጾች የተዋቀረ ነው። እያንዳንዱ ገጽ በሥራው ሂደት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። በወረቀት ዘመን አሮጌው ገጽ ተቀድዶ ይጣል ወይም «ተሽሯል» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። የኤሌክትሮኒክ ፋይል ግን አንዴ ከተላከ በኋላ በላኪው ፈቃድ አይሻርም፤ በተቀባዩ ስልክ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የተስተካከለ የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች የያዙ ፋይሎች በአንድነት ሲገኙ ፎርማኑ የቱን እንደሚከተል የሚወስነው በግምት ይሆናል።

የዚህ ግምት ዋጋ በቁጥር ሊታይ ይችላል። በቀድሞው እትም የአንድ ኮለን ዋና ብረት 14 ሚሊሜትር ነበር፤ መሐንዲሱ ስሌቱን ሲከልስ ወደ 16 ሚሊሜትር ከፍ አደረገው እንበል። በግንባታው ቦታ የተሠራው በአሮጌው ገጽ ከሆነ፣ የብረቱ ቁጥር ሳይለወጥ የብረቱ የመስቀለኛ ስፋት ከሚፈለገው በ23 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሁለት ሚሊሜትር በስልክ መስኮት ላይ የማይታይ ልዩነት ነው፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን ለማረም እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ስህተቱ በእትም ልዩነት ብቻ አይመጣም። በተለምዶ የሚታዩት ሌሎች ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው በፎቶ መልክ መላክ ነው። ንድፍ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሲላክ እንደተሠራ ይደርሳል፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ግን መጠኑ እንዲቀንስ ስለሚጨመቅ ጥቃቅን ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። 6 እና 8 ቁጥሮች የሚምታቱት በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የወረቀት መጠን ነው። ለኤ1 ወረቀት የተዘጋጀ ገጽ በኤ3 ሲታተም እያንዳንዱ መስመር በግማሽ ያጥራል። በገጹ ላይ «ስኬል 1፡100» የሚል ጽሑፍ ቢኖርም ትክክለኛው ስኬል 1፡200 ሆኗል። አራት ሜትር የሆነ ግድግዳ በማስመሪያ የለካ ሰው ሁለት ሜትር ያነባል። ስለዚህ ልኬት ምንጊዜም ከተጻፈው ቁጥር እንጂ ወረቀት በማስመሪያ በመለካት ሊወሰድ አይገባም።

ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት በተሠሩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ የአማርኛ ማብራሪያ፣ ያ ፕሮግራም በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የባለቤቱ ስም፣ የይዞታ ቁጥርና ማስጠንቀቂያዎች ሳይነበቡ ይቀራሉ። ንድፉ የሚጠቅሳቸው ተያያዥ ፋይሎች አብረው ካልተላኩም ከገጹ ላይ መሠረቱ ወይም የአጎራባች ወሰኑ ጎድሎ ሊታይ ይችላል።

አራተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «12/05/17» የሚል ቀን አንዱ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሎ ሲያነበው ሌላው እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ሊለው ይችላል። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት አለ። ባለቤቱ በውጭ አገር በሚኖርበት ሥራ ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩም በስም መጻፉ አለመግባባትን ያስቀራል።

በቢሮዎቹ ውስጥ የሚያስፈልገው ሥርዓት

በሥርዓት የሚሠሩ አማካሪ ቢሮዎች ፋይልን በየግል ኮምፒውተር ከመበተን ይልቅ ሁሉም ባለሙያ የሚደርስበት አንድ የጋራ ማከማቻ ያደራጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የንድፍ መረጃን በአራት ሁኔታ ይለያል፤ ገና በሥራ ላይ ያለ፣ ለሌሎች ባለሙያዎች የተጋራ፣ ለሥራ የወጣ እና በመዝገብ የተቀመጠ። የዚህ ክፍፍል ፋይዳ ለትናንሽ ቢሮዎችም ግልጽ ነው። «ለሥራ የወጣ» ከሚለው ማኅደር ውጭ ያለ ምንም ገጽ ወደ ግንባታ ቦታ አይሄድም፤ ወደዚያ ማኅደር የሚያስገባውም ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ባለሙያ ብቻ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥና የበይነ መረብ ፍጥነትም በዕቅድ ውስጥ መግባት አለባቸው። 200 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመላክ ከ13 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ መስመሩ በመካከል ከተቋረጠ ደግሞ ፋይሉ ጎድሎ ሊደርስ ይችላል። በዚህ የተነሳ ለግንባታ የሚሆኑ ገጾች በፒዲኤፍ፣ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍለውና የገጾቹ ዝርዝር ተያይዞባቸው ቢላኩ ተቀባዩ የጎደለውን ወዲያው ማወቅ ይችላል።

ፊርማና ማኅተም

በወረቀት ላይ ያለ ፊርማና ማኅተም ፎቶ ተነሥቶ በሌላ ፋይል ላይ ሲለጠፍ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሆነ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የማኅተም ምስል ያገኘ ማንኛውም ሰው በፈለገው ገጽ ላይ ሊያኖረው ስለሚችል ምስሉ ብቻውን የንድፉን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። በምስክር ወረቀት የተደገፈ ዲጂታል ፊርማ ግን ከፈራሚው ማንነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ አንዲት ቁጥር እንኳ ብትለወጥ ለውጡ ይታወቃል። ይህ አሠራር ባልተዳረሰበት ቦታ አስተማማኙ ማመሳከሪያ ፈቃድ ሰጪው አካል መርምሮ ማኅተም ያሳረፈበት ቅጂ ነው።

በዚህ ረገድ የአገልግሎት ሰጪዎችም ድርሻ አለ። ባለጉዳዩ ንድፉን በሁለት መልክ፣ በፋይልና በወረቀት፣ እንዲያቀርብ በሚጠየቅበት ቦታ ሁለቱ ቅጂዎች የተለያዩ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። የተመረመረው የትኛው እንደሆነ፣ ልዩነት ሲገኝም የትኛው የበላይነት እንደሚኖረው በግልጽ ካልተቀመጠ ጉዳቱ በመጨረሻ የሚያርፈው በባለቤቱ ላይ ነው።

ከርቀት የማይሠራው

የኤሌክትሮኒክ አሠራር የማይተካቸው ሥራዎች አሉ። የአፈሩ ሁኔታ፣ የቦታው ተዳፋት፣ የጎረቤት አጥር፣ የውኃ መውረጃና በአቅራቢያው የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር በቦታው ተገኝቶ መታየት አለባቸው። የመሠረት ቁፋሮና የብረት ሥራ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በባለሙያ ዓይን መፈተሽ ይኖርበታል። የቪዲዮ ጥሪ ለባለቤቱ መረጃ ይሰጣል፤ ለተቆጣጣሪ መሐንዲስ ግን በቦታው የመገኘትን ግዴታ አያስቀርም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች በምድብ «ሐ» ለይቶ ማስቀመጡ ሕንፃው በገዘፈ መጠን ኃላፊነቱም እንደሚከብድ ያመለክታል።

ባለጉዳዮች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

• ከአማካሪው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ፋይሎቹ በምን ዓይነት መልክ እንደሚረከቡ፣ ማን ሊያሻሽላቸው እንደሚችልና የንድፉ ባለመብትነት የማን እንደሆነ ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአርክቴክቸር ሥራዎችን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥራል።

• እያንዳንዱ ገጽ የእትም ቁጥር፣ ቀን እና የፈራሚውን ባለሙያ ስም መያዙ ይረጋገጥ።

• ፈቃድ የተሰጠበት ንድፍ አንድ የወረቀት ቅጂ በግንባታው ቦታ፣ አንድ የፋይል ቅጂ ደግሞ በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ። ባለቤቱ ፋይሉን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ቢያስቀምጥ ስልክ ሲጠፋ ወይም ኮምፒውተር ሲበላሽ ሰነዱ አይጠፋበትም።

• አዲስ እትም ሲደርስ ሥራ ተቋራጩ መቀበሉን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥና አሮጌውን ከሥራ ቦታ እንዲያነሣ ይደረግ።

• ከፈቃድ በኋላ የሚደረግ ለውጥ በመልእክት ልውውጥ ብቻ አይጠናቀቅም፤ ወደ ፈቃድ ሰጪው አካል ቀርቦ መታየት አለበት።

• የይዞታ ማረጋገጫ፣ መታወቂያና ውክልና ብዙ ሰው በሚሳተፍበት የመልእክት ቡድን ውስጥ አይለጠፉ፤ ለሚመለከተው ሰው ብቻ ይላኩ።

የአንድ ሕንፃ ጉዳይ ቁልፍ በመረከብ አያበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንጥቅ ቢታይ ወይም ክርክር ቢነሣ፣ የተፈቀደው ምን ነበር፣ የተሠራውስ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሰነድ ነው። በጽሑፍ ውይይት መካከል የተቀበረ ፎቶ ያን ጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ በእትም ቁጥሩና በቀኑ ተለይቶ የተቀመጠ ንድፍ ግን የባለመብቱን ድካምና ገንዘብ የሚጠብቅ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል።