ቼዝና የዐስር ሶላት

አባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ ዐረቦች ሸጠረንጅ የሚሉትን ቼዝ ብዙዎቹ የሌሎች መዝሀቦች ዑለማእ ይከለክሉታል። ኢማም ሻፊዒይ ግን ቁማር ካልገባበትና ሶላት ካላሳለፈ መክሩህ ነው ብለው አልፈውታል። የተጫዋቾቹ መዋጮ ለአሸናፊው የሚሰጥ ከሆነማ ቁማር ነውና ነገሩ እዚያው ያበቃል። የአፋር ሕዝብ በአብዛኛው ሻፊዒይ ነው፤ እናም አዋሽ ወይም ሰመራ ላይ ሁለት የክለብ ተጫዋቾች ያለ ቁማር ለውድድር ቢቀመጡ የሚቀረው ጥያቄ የሶላቱ ነው።

እስቲ እናስላው። ለእያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 30 ሰኮንድ ጭማሪ ቢሰጥ፣ 60 እርምጃ የዘለቀ ጨዋታ 4 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ 12 ሰዓት ሲያልቅ መግሪብ ደርሷል። ተራው የሆነ ተጫዋች ያለ ዳኛ ፈቃድ ከመጫወቻው ስፍራ አይወጣም፤ ቢፈቀድለትም ሰዓቱ ይቆጥርበታል። ወታደሩን ንግሥት ለማድረግ ሁለት እርምጃ የቀረውን ልጅ፣ ካለችው ጥቂት ደቂቃ ላይ ቆርሰህ ስገድ ማለት ለተናጋሪው ይቀላል።

እኛ ሸክሙን ከልጁ ይልቅ አዘጋጁ ላይ እንጥላለን። ጠዋት 2 ሰዓት ያስጀምር፤ ዙህር ሳይገባ ያልቃል። ከሰዓት በኋላ የግድ ከሆነ ያለ ጭማሪ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ይስጥ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለያል።