በእኛ ቤት «ከበዓላት በኋላ» መቼ ነው?

በቲሽሬ ወር እስራኤል ውስጥ አንድ መልስ ለሁሉም ጥያቄ ይበቃል፤ «አሓሬ ሀሐጊም»። የቧንቧ ሠራተኛው፣ የባንኩ ጸሐፊ፣ የትምህርት ክፍሉ ቢሮ፣ ሁሉም ጉዳያችንን ከበዓላት በኋላ ያደርጉታል። ስምሐት ቶራ ሲያልፍ አገሩ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እኛ ተማሪዎችም ወደ ክፍል። ነታንያ ውስጥ ባሉት ብዙ ቤቶቻችን ግን በዓሉ ገና አላለቀም። ወላጆቻችን ከዮም ኪፑር ጀምረው ቀን እየቆጠሩ ነው። ሃምሳኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29፣ ስግድ ነው። በ2025 ሐሙስ ኖቬምበር 20 ቀን ውሏል።

በእኔ እምነት የእኛም የተማሪዎቹ «ከበዓላት በኋላ» መጀመር ያለበት ከዚያ ቀን ማግስት ነው።

ይህ ወቅት በእኛ ቤት ሁለት ስም አለው። ታናሽ ወንድሜ «ሮሽ ሀሻና» ሲል አያቴ «ብርሃን ሠረቀ» ይላሉ። እሱ «ዮም ኪፑር» ሲል እሳቸው «አስተርዮ»። ሱኮት ደርሶ አባቴ በረንዳው ላይ ዳስ ሲያቆም አያቴ በአገር ቤት እንዲህ ያለ ልማድ እንዳልነበረ እያስታወሱ ይስቃሉ፤ «ጎጆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሌላ ጎጆ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። የአየሩ ነገርም ተገላብጧል። በጎንደር እነዚህ በዓላት የሚመጡት ክረምቱ ወጥቶ መስኩ አደይ አበባ ሲለብስ ነበር። ነታንያ ላይ ግን ደመናው ከባሕሩ ተነሥቶ የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥለው ያን ሰሞን ነው። እማዬ የተሰጣ ልብስ ለመሰብሰብ ስትሮጥ አያቴ ለስግድ የሚይዙትን ጃንጥላ ያወጣሉ፤ ለፀሐይ ይሁን ለዝናብ ግን እሳቸውም አያውቁም።

የስግድ ዋዜማ ሊጡ ይቦካል፣ ነጩ ልብስ ይተኮሳል። ሽማግሌዎቹ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሀናጺቭ ይሄዳሉ። እኛስ? ስግድ የሚውለው ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። መቅረት የማይፈቀድበት ትምህርት አለ፤ ቤተ ሙከራ አለ፤ ማታ ደግሞ የሥራ ተራ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጸሎቱ ሲያበቃ ደርሰን፣ ከጓደኞቻችን ጋር ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። ጓደኛ መገናኘቱም ሆነ ዘፈኑ ነውር የለበትም፤ ደስታው የቀኑ አካል ነው። ግን መጨረሻው ነው። በአምቦበር ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ሕዝቡም በጾም ተከትሎ ተራራ ይወጣ ነበር። ከተነበበና ከተጸለየ በኋላ ነው ወርደው የሚበሉትና የሚዘፍኑት። እኛ መውጣቱን ትተን መውረዱን ብቻ ይዘናል።

«ስግድ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ የሚጸለይ ነበር፤ ይኸው ተመለስን፤ ታዲያ ምን ቀረ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በዚያው ቀን ከሚነበበው ከመጽሐፈ ነህምያ ይገኛል። እዚያ የምናገኛቸው ሰዎች ከባቢሎን ተመልሰው ኢየሩሳሌም የገቡ ናቸው። የከተማዋን ቅጥር ኤሉል 25 ቀን ጨርሰዋል። በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ዕዝራ ሕጉን አነበበላቸው፤ ቀጥሎ የዳስ በዓልን አከበሩ። በዓሉ አልቆ፣ በወሩ በ24ኛው ቀን፣ ጾመው ማቅ ለብሰው እንደገና ተሰበሰቡ፤ ኃጢአታቸውን ተናዝዘው ቃል ኪዳናቸውን አደሱ። የእነሱ «አሓሬ ሀሐጊም» ይህ ነበር። አገር የገባ ሕዝብ «አሁን እንዴት እንኑር?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቁ ነበር። ስግድ ለተመለሰ ሕዝብም የተገባ በዓል ነው።

ሌላው ደግሞ «በሕግ ታውቋል፤ በቂ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ክነሴት በ2008 ስግድን በሕግ የመንግሥት በዓል አድርጎታል፤ ይህም ወላጆቻችን የደከሙበት ነገር ነው። ሕግ ግን ለቀኑ ስም ይሰጠዋል እንጂ የጸሎቱን ትርጉም አያስተምረንም። በዘመቻ ሰሎሞን፣ በሜይ 1991፣ ሀያ ዓመት ሞልቶት የመጣ ወጣት ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት አርጅተዋል። ያመለጠኝን ትምህርት ከጓደኛዬ ደብተር እገለብጠዋለሁ። አያቴ የሚያውቁትን ግን የጻፈው ሰው የለም።

ነህምያ ሌላም ነገር ይነግረናል፤ ዕዝራ ሲያነብ ሌዋውያኑ ሕዝቡ እንዲገባው ያብራሩ ነበር። ቄሶቻችንም በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማሉ። ታናናሾቻችን ግን ግዕዙንም አማርኛውንም አይሰሙም። በመካከል ያለነው እኛ ነን። አማርኛው ተሰባብሮም ቢሆን ይገባናል፤ ዕብራይስጡን ደግሞ እንደ ልብ እንናገረዋለን። በዋዜማው ቤት ከተገኘን፣ አያቶቻችን ስለ ጸሎቱ የሚያውቁትን በአማርኛ ይነግሩናል፤ እኛም ለታናናሾቻችን በዕብራይስጥ እንነግራቸዋለን። ይህን ሥራ ከእኛ በቀር ማንም አይሠራልንም።

ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲከፈት ሁላችንም የትምህርት ፕሮግራማችንን እንመልከት፤ በስግድ ቀን ፈተና ወይም ግዴታ ካለብን ለመምህራችን ቀድመን እንጻፍ። ማኅበራችንም በየተቋሙ ላሉ ኃላፊዎች አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ በስግድ ቀን ፈተና እንዳይደረግ፣ የሚቀርም ተማሪ እንዳይጎዳ። በነፃ ትምህርት ዕድል የሚማር ወይም ቤተሰብ የሚረዳ ልጅ ብቻውን ሲለምን ሊፈራ ይችላል፤ በማኅበር ሲጠየቅ ግን ይቀላል።

እስከዚያው «መቼ ትመለሳላችሁ?» ብሎ ለሚጠይቀን ሁሉ መልሳችን አጭር ነው፤ ከበዓላት በኋላ። ያ ማለት ከስግድ ማግስት ጀምሮ ነው።