ሲሮጡ የታጠቁት

ወጣት አንባቢ ሆይ! «መልሱ ሁሉ በኪሴ ሳለ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ምን አደርጋለሁ?» ማለት ዛሬ ተለምዷል። ስለ ሌላው ጉዳይ ክርክር የለኝም። ስለ ጤና ሲሆን ግን ይህ አባባል ሰው ይገድላልና በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ከሰሜን ጎንደር ደጋ ብዙ ጎልማሶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። ከእነርሱ አንዱ ወደ ቀዬው ከተመለሰ ከወራት በኋላ ትኩሳት ቢይዘው ስልኩን አውጥቶ ስለ ትኩሳትና ስለ ድካም ይጠይቃል። ስልኩም ወባ ወይም ጉንፋን ሊሆን ይችላል ይለዋል። ሰውየው ቆላ ወርዶ እንደ ነበር አይናገርም፤ ጉዳዩ ከሕመሙ ጋር መያያዙን ከቶ አያውቅምና። አስቀድሞ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ገልጦ ስለ ትኩሳት የተጻፈውን ምዕራፍ አንብቦ ቢሆን ግን፣ በእነዚያ ቆላዎች በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ካላዛር የሚባል በሽታ መኖሩን፣ ምልክቶቹም ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ እብጠትና ክሳት መሆናቸውን፣ ካልታከሙትም እንደሚገድል በተረዳ ነበር። ስልክ የጠየቁትን ይመልሳል፤ መጽሐፍ ያልጠየቁትንም ያስተምራል።

በሊቦ ከምከም የተነሣው ካላዛር በ1997 ዓ.ም. ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ነበር። ባለሙያን ያሳሳተውን በሽታ የሁለት መስመር መልስ እንዴት ይለየዋል?

«መጽሐፍ ያረጃል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለዚህ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ። በኢንተርኔትም እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ያለ የታመነ ምንጭ አለ፤ እርሱንም ቢሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ በመደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ እንዳልተዘጋ አትርሱ።

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ለአገሪቱ ጤና መኮንኖችን ያስተማረች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ አድጎ ስለ ገዛ ደሙና ስለ ገዛ ጣፊያው አለማወቅ ያሳፍራል።

ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ስልክም መጽሐፍም ሳይመለከት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር፤ ቆላ ወርዶ እንደ ሆነም ይናገር። መጽሐፍ የሚነበበው በጤና ቀን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።